ሦስት ሊትር መድኃኒት፣ አንዲት ጥማድ መሬት

ኅዳር መግቢያ ላይ አጎቴ ከደምቢያ ደወሉ። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «ልጄ፣ መሬቴ ሞተችብኝ» አሉኝ።

አጎቴ ማጋነን አያውቁም። ላም ታመመች ካሉ ላሟ ተኝታለች ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜን አልጠበቅሁም። በማግስቱ ከአዘዞ ሚኒባስ ይዤ ቆላ ድባ ወረድሁ።

አስቀድሜ ልናገር፦ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። ጎንደር ከተማ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ቤተ ሙከራ የለኝም። በዚህ ጉዳይ ላይ የነበረኝ መሣሪያ ዓይን፣ አካፋ፣ ምላጭና ሁለት ክንድ አቡጀዲ ነው። አቡጀዲው ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መሬቷ አንድ ጥማድ ናት። ሩብ ሄክታር ገደማ። አፈሩ ያው የደምቢያ ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ እግር ይዞ አይለቅም፣ በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። ሽምብራ የሚወደው ይህንን አፈር ነው። ዝናቡ ሊወጣ ሲል ይዘሩታል፣ አፈሩ ቋጥሮ ባቆየው እርጥበት ያድጋል።

ስደርስ ሽምብራው ቆሟል። ግን ገርጥቷል። ከጎረቤት ማሳ ጋር ሲተያይ የታመመ ልጅ ይመስላል። አጎቴ ዳር ላይ ቆመው «የአረም መድኃኒቱ ነው፤ አፈሯን ገደላት» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ሻጩ አታሎኛል» አሉ። ሁለቱ ነገር አብሮ እንደማይሄድ ልብ በሉ። መድኃኒቱ ውኃ ከሆነ አፈሩን በምን ገደለው?

ነገሩ ከአረሙ ነው የጀመረው። ፓርቲኒየም። ቅንጨ አረም የሚሉትም አሉ። አገሩ ወዲያ አሜሪካ፣ በሜክሲኮ አካባቢ ነው። አንዷ ተክል ብቻዋን ከ15,000 በላይ ዘር ልትጥል ትችላለች። እጅ ያሳክካል፣ ላም ከበላችው ወተቱ ይመራል። በአጎቴ መሬት ላይ መጀመሪያ በመንገዱ ዳር ታየ። በሦስተኛው ዓመት መሃል ገባ። ነሐሴ ላይ ጉልበት ደርሶ ነበር።

አጎቴ በነሐሴ አጋማሽ ግላይፎሴት ከሚባለው የአረም መድኃኒት አንድ ሊትር ገዙ። ከመንደራቸው በታች ካለው ወንዝ ውኃ ቀድተው በጥብጠው ረጩ። አሥር ቀን ጠበቁ። አረሙ ቢጫ ሆነ፣ አልሞተም። ተናደዱ። ጳጉሜን ላይ ሁለት ሊትር ገዝተው ደገሙት። አሁን ደረቀ። በአምስተኛው ቀን አርሰው ሽምብራውን ዘሩ።

«ከወንዙ ነው የቀዱት?» አልኳቸው።

«ታዲያ ከየት ልቅዳ?»

«ያኔ ወንዙ ምን ይመስል ነበር፣ ጋሼ?»

«ክረምት አይደለም እንዴ? ቡና ነበር የሚመስል።»

የጉዳዩ ግማሽ ያለው እዚህች መልስ ውስጥ ነው። ግላይፎሴት የሸክላ አፈር ወዳጅ ነው። ሸክላ ሲያገኝ ይጣበቅበታል፣ ከተጣበቀ ደግሞ ቅጠል ውስጥ አይገባም። በድፍርስ ውኃ የበጠበጠ ሰው ከመድኃኒቱ ብዙውን እዚያው መርጫው ውስጥ ከጭቃ ጋር አጋብቶታል። ሻጩ ውኃ አልሸጠላቸውም። ራሳቸው በጎርፍ አደከሙት። ያልሞተው አረም ደግሞ ሁለተኛውን ዙር አመጣ፣ በእጥፍ።

ጠርሙሱን አየሁት። በሊትር 360 ግራም ይላል። መጠኑ ለሄክታር ከ2 እስከ 4 ሊትር ነው። አጎቴ በሩብ ሄክታር ላይ 3 ሊትር አፍስሰዋል። ወደ ሄክታር ሲለወጥ 12 ሊትር መሆኑ ነው። ባዶውን ጠርሙስ እትዬ ዘይት ሊያደርጉበት አጥበው አስቀምጠውት ነበር። ያንን ወዲያው ሰብረን ቀበርነው፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ሽምብራው። ቢጫው የቱ ጋ ነው? ይህ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ብዙ ይመልሳል። ግላይፎሴት ራሱ ተክሉን ቢጎዳው ኖሮ መጀመሪያ የሚገረጣው አዲሱ ቅጠል፣ ጫፉ ነበር። የአጎቴ ሽምብራ ግን የገረጣው ከታች ነው። አሮጌው ቅጠል ቢጫ፣ ጫፉ አረንጓዴ። ተክል ናይትሮጅን ሲያጥረው ከአሮጌ ቅጠሉ ቀምቶ ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ ሽምብራው አልተመረዘም። ርቦታል።

ሽምብራ ግን ናይትሮጅን እንዴት ያጥረዋል? እሱ እኮ የራሱ ቀላቢ አለው። ሜሶራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ ሥሩ ውስጥ ገብቶ ትንንሽ እብጠት ይሠራል፤ ከአየር ናይትሮጅን ይዞ ለተክሉ ይሰጣል፣ ተክሉ ደግሞ ስኳር ይከፍለዋል። የባቄላው ባክቴሪያ ሌላ ነው፣ ለሽምብራ አይሆንም። እብጠቷን በምላጭ ስትሰነጥቋት ውስጧ ሮዝ ከሆነ እየሠራች ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ ፈታለች።

እንግዲህ ቆፈርን። እዚህ ላይ ዕድለኛ ነበርን። አጎቴ መሬቱን እንዳለ አልረጩትም። በአጥሩ በኩል ቀፎ ስላለ ያንን ቁራጭ እትዬ በእጃቸው ነቅለውታል። እዚያም ፓርቲኒየም ነበር፣ መድኃኒት ግን አልነካውም። ሌላዋ ጥግ ደግሞ ባለፈው ዓመት ነጭ ሽንኩርት የነበረባት ናት። ነጭ ሽንኩርት ሲታረም እንደ ፀጉር ተፈልቶ ነውና አረምም አልነበረባት፣ መድኃኒትም አላገኛት። ሦስት ቦታ፦ አረምና መድኃኒት ያየ፣ አረም ብቻ ያየ፣ ሁለቱንም ያላየ። ሳንዘጋጅበት ሙከራ ሆኖ ተገኘ።

ከየቦታው አሥር አሥር ሥር በጥንቃቄ አወጣን። መንቀል አይቻልም፤ ጎትተው ከነቀሉት እብጠቱ አፈር ውስጥ ይቀራል። በአካፋ ከነአፈሩ አንስቶ በውኃ ማጠብ ነው።

የነጭ ሽንኩርቷ ጥግ ሥሮች በእብጠት ተሞልተዋል፣ ሲሰነጠቁ ሮዝ ናቸው። የተረጨው ቦታ ጥቂት ነው ያለው፤ ካለውም ብዙው ነጭ። እስከዚህ ድረስ አጎቴ «አላልኩህም?» እያሉ ነበር። ያልጠበቅነው የአጥሩ ጥግ ነው። እትዬ በእጃቸው የነቀሉት፣ ጠብታ መድኃኒት ያልደረሰበት። እሱም እብጠቱ ከነጭ ሽንኩርቷ ጥግ በግልጽ ያነሰ ነበር። የተረጨውን ያህል አልከፋም፣ ግን ደህና አይደለም።

አጎቴ ዝም አሉ። እኔም።

መልሱ ያለው አረሙ ጋ ነው። ፓርቲኒየም በሰላም የሚኖር ተክል አይደለም። ፓርቴኒን የሚባልና ሌሎችም ኬሚካሎች ከቅጠሉና ከሥሩ ያመነጫል። እነዚህ የጎረቤት ተክልን ዘር እንዳይበቅል ያደርጋሉ፣ ናይትሮጅን የሚይዙ ባክቴሪያዎችንም ይጫናሉ። ማለትም አጎቴ የመጀመሪያዋን ሊትር ከመግዛታቸው በፊት አረሙ ራሱ መሬቱን ሲረጭ ነበር። በተፈጥሮ መድኃኒት።

አንድ ነገር ለመድኃኒቱ ከመፍረዳችን በፊት ይነገር። የነጭ ሽንኩርቷ ጥግ ፍግ የጠገበች ናት። ስለዚህ ከእሷ ጋር ማወዳደሩ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። ፍግ ለባክቴሪያም ለሥርም ድግስ ነው። ትክክለኛው ንጽጽር በአጥሩ ጥግና በተረጨው መካከል ያለው ነው። ያ ልዩነት አለ። ግን አጎቴ እንዳሰቡት የሰማይና የምድር አይደለም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምን አደረገ?

ግላይፎሴት የሚገድለው አንዲት ኢንዛይም በመዝጋት ነው። ተክል በዚህች ኢንዛይም በኩል አንዳንድ አሚኖ አሲዶችን ይሠራል፤ ስትዘጋ ማደግ ያቆማል፣ ይሞታል። ሰውና እንስሳ ይህቺ ኢንዛይም የለችንም። ፈንገሶችና ብዙ ባክቴሪያዎች ግን አሏት። ስለዚህ «አረም እንጂ ሌላ አይነካም» የሚለው የሻጭ ወሬ እውነት አይደለም። አንዳንዱ ባክቴሪያ ያላት ኢንዛይም መድኃኒቱን ትቋቋማለች፣ አንዳንዱ አትችልም። እብጠት ከሚሠሩት ውስጥ የማይችሉ አሉ።

ግን የታሪኩ ሌላ ጎንም አለ። ግላይፎሴት ለአንዳንድ ባክቴሪያ ምግብ ነው። ውስጡ ካርቦን አለ፣ ፎስፈረስም አለ። ከተረጨ በኋላ የአፈር ትንፋሽ፣ ማለትም ተሕዋስያኑ የሚተነፍሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሲለካ ለጊዜው ከፍ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ለምን ቢባል ተሕዋስያኑ እየበሉት ነው። መድኃኒቱን ከአፈር የሚያጠፋው ፀሐይ ወይም ዝናብ ሳይሆን በዋናነት እነሱ ናቸው። ቱፎርዲ (2,4-D) የሚባለውን ሌላ የአረም መድኃኒት ብትወስዱ ደግሞ የባሰ ነው። አጎቴ ጤፍ ላይ ለዓመታት የረጩት እሱን ነው። ደጋግሞ የተረጨበት አፈር ውስጥ እሱን መብላት የለመዱ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ሲረጭ ከበፊቱ ቶሎ ይጠፋል። አፈር ተማሪ ነው፣ የሰጡትን ይለምዳል።

ወደ ቁጥር ልሂድ፣ አይሰልቻችሁ። በሄክታር 12 ሊትር ማለት 4,320 ግራም ግላይፎሴት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ሲከፋፈል ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። የአንድ ካሬ ሜትር የላይኛው 10 ሳንቲሜትር አፈር 110 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁሉም አፈሩ ላይ ቢወድቅና እኩል ቢበተን በአንድ ኪሎ አፈር 4 ሚሊግራም አካባቢ ነው። በቤተ ሙከራ የአፈር ተሕዋስያን ጉልህ ለውጥ ሲያሳዩ የምናየው ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም በበለጠ መጠን ነው። በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ሲረጭማ፣ በአብዛኛው የመስክ ሙከራ ጠቅላላው የተሕዋስያን ብዛት ብዙም አይናወጥም፤ ቢናወጥም ይመለሳል።

ይህንን ለአጎቴ ስነግራቸው «ስለዚህ ምንም አላደረገም ነው የምትለኝ?» አሉ። አይደለም። «እኩል ቢበተን» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ተንኮሉ። እኩል አይበተንም። መድኃኒቱ በቅጠል ገብቶ በተክሉ ውስጥ ወደ ሥር ይወርዳል፣ ከሥሩም ወደ አፈር ይወጣል። ስለዚህ የሚከማቸው በሚሞተው አረም ሥር ዙሪያ ነው። አዲሱ የሽምብራ ሥር ደግሞ የት ይሄዳል? በጥቁር አፈር ውስጥ የቀለለውን መንገድ ይዞ፣ በአሮጌው ሥር ቀዳዳ። ቀጥታ ወደ ቤቱ ገባ ማለት ነው።

ሌላም ነገር እዚያው ይጠብቀዋል። የሚሞት ሥር ለፈንገስ ሰርግ ነው። ፉዛሪየምን የመሰሉ የሥር አበስባሾች በሞተው አረም ላይ ተባዝተው ቶሎ ወደተዘራው ሰብል ይሻገራሉ። ለዚህ ነው አረም ከሞተ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቆ መዝራት የሚመከረው። አጎቴ የጠበቁት አምስት ቀን ነው። ከተረጨው ቦታ ካወጣናቸው ሥሮች የተወሰኑት ርዝመታቸውን ተከትለው ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቡናማ መስመር ነበረው። በአጥሩ በኩል አንድም አላገኘንም።

አሁን አቡጀዲው። አጎቴ «መሬቴ ሞተች» ነበር ያሉት፣ ያንን በቀጥታ መጠየቅ ፈለግሁ። ንጹሕ ጥጥ ለአፈር ተሕዋስያን ምግብ ነው። አፈሩ ሕያው ከሆነ ጨርቁን ይበላዋል፣ ከሞተ ጨርቁ እንዳለ ይወጣል። ከጎንደር ይዤው የመጣሁትን አቡጀዲ እኩል እኩል ቆርጠን በሦስቱም ቦታ አንድ ስንዝር ጥልቀት ቀበርነው። ዳሩ ላይ እንጨት ተከልን። እትዬ እየሳቁ «ይኼ ልጅ ከፈን እየቀበረ ነው» አሉ።

በሁለት ወሩ፣ ጥር ላይ፣ አወጣነው። በነጭ ሽንኩርቷ ጥግ የቀረው እንደ ወንፊት የሆነ ብጣሽ ነው። በአጥሩ በኩልና በተረጨው ቦታ ደግሞ ከዚያ ትንሽ የተሻለ፣ ግን የተበሳሳና በእጅ ሲነካ የሚፈርስ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ለጎረቤት ሰጠሁት፣ የቱ ከየት እንደመጣ ሳልነግረው። መለየት አልቻለም።

አጎቴ ከተረጨው ቦታ አንድ እፍኝ አፈር አነሱና አሸተቱ። ያቺ የመጀመሪያ ዝናብ ሽታ የምትመጣው ከባክቴሪያ ነው፤ እሷን አገኟት። «አልሞተችም» አሉ ቀስ ብለው።

አልሞተችም። ጨርቅ የሚበላ ተሕዋስ ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ሥራውን ይሸፍናል። የሽምብራ ቀላቢ ግን አንድ ነው፣ ተተኪ የለውም። አፈርን በጅምላ ለክቶ «ምንም አልሆነም» የሚል ሰውና አንድ የገረጣ ማሳ አይቶ «አፈሩ ሞተ» የሚል ሰው እኩል የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁለቱንም ዓይነት ሰው ጎንደር ውስጥ አውቃለሁ። አንዱ ግብርና የተማረ ነው፣ ሌላው ስለ ግብርና ፌስቡክ ላይ የሚጽፍ። አንድ ጠረጴዛ ላይ ቡና ይጠጣሉ፣ ሲከራከሩ ይውላሉ።

እኔ ብፈርድ የምፈርደው እንዲህ ነው። መሬቱን መጀመሪያ የጎዳው አረሙ ነው። ሁለተኛው ችኮላው። መድኃኒቱ በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል፣ እሱም የተጻፈለትን መጠን ሦስት እጥፍ ስላለፈ። ከሁሉም ጀርባ ግን ያ ቡና የመሰለ ውኃ አለ። ውኃው ንጹሕ ቢሆን አንዷ ሊትር በበቃች፣ አረሙ በነሐሴ በሞተ፣ እስከ መስከረምም ሦስት ሳምንት በተገኘ ነበር።

ስመለስ አዘዞ ላይ አንድ ጓደኛዬ ይህንን ስነግረው «ታዲያ እምቦጩንስ ለምን አይረጩትም?» አለኝ። ይህ ጥያቄ ጣና ዳር ሁሌ ይነሳል። እምቦጩ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ከታየ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የደምቢያ ሰው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። በአንድ ርጭት ቢገላገል ምን ነበረበት? እዚህ ላይ ተሕዋስያኑ ሥራቸው ይገለበጣል። መሬት ላይ የምንፈራው እንዳይሞቱ ነው። ሐይቅ ላይ የሚያስፈራው እንዳይጠግቡ ነው። ያ ሁሉ እምቦጭ አንድ ላይ ሞቶ ሲሰምጥ ባክቴሪያዎቹ ሊያበሰብሱት ይነሳሉ፣ ሲያበሰብሱም የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳሉ። ዓሣው በመድኃኒት ሳይሆን በትንፋሽ እጦት ያልቃል። እምቦጩ ይዞት የነበረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ወደ ውኃው ይመለሳል፣ ለቀጣዩ እምቦጭ ማዳበሪያ ይሆናል። በዚያ ላይ ከመድኃኒቱ ጋር የሚደባለቀው ሳሙና መሳይ ማጣበቂያ አለ፤ አንዳንዱ ዓይነት ለውኃ ፍጥረት ከግላይፎሴቱ ራሱ የከፋ ነው። ጓደኛዬ «እንዲያ ከሆነ ይነቀል» ብሎ ዝም አለ።

በቀጣዩ ክረምት አጎቴ ምን አደረጉ? ከቤቱ ቆርቆሮ የሚወርደውን ዝናብ በርሜል ውስጥ አጠራቀሙ። ለማሳው መሃል መድኃኒት አልገዙም። ፓርቲኒየሙን ሳያብብ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ እጃቸው ላይ ፌስታል ጠምጥመው ከልጆቹ ጋር ነቀሉት። መሃሉ ካለቀ በኋላ የመንገዱን ዳር ብቻ በበርሜሉ ውኃ በጥብጠው አንዴ ረጩ። ሞተ። በአንዴ።

ለሽምብራው ደግሞ የሽምብራ ባክቴሪያ ያለበትን ሕያው ማዳበሪያ አገኘንላቸው። በስኳር ውኃ ዘሩ ላይ ይለወሳል፣ ጥላ ሥር፣ ከዚያ ፀሐይ ሳይመታው ይዘራል። መለወሻው ዕቃ መድኃኒት ነክቶት የማያውቅ መሆን አለበት። እትዬ የሊጥ ሳህናቸውን ሰጡ፣ እያጉረመረሙ።

ዘንድሮ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሄጄ ነበር። ሽምብራው ደህና ነው። ባለፈው ዓመት የተረጨው መሃል ላይ ዛሬም ከዳሩ ትንሽ አጠር ያለ ቦታ አለ። አጎቴ ለሚቀጥለው ዓመት እዚያ ጤፍ አስበዋል። አንድ ጎረቤት በአጥሩ ላይ ተደግፎ «የኔም ገርጥቷል፣ መድኃኒቱ አፈሬን ገድሎት ይሆን?» ብሎ ጠየቃቸው። አጎቴ አልመለሱለትም። አካፋ አንስተው አንድ ሥር ከነአፈሩ አወጡ፣ እብጠቷን በጥፍራቸው ሰነጠቁ፣ ሮዙን አሳዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦

«ልጄ፣ ከዚያ አቡጀዲ የተረፈህ አለ?»